ከሩብ ዙር በታች

በእኛ ቤት ስለ ድምፅ የሚወጣው ትእዛዝ አንድ ብቻ ነው፤ «ቀንሰው!» ከማድ ቤት ይመጣል፣ ከመኝታ ቤት ይመጣል፣ ላይኛው ፎቅ ካሉት እትዬ ደግሞ በመጥረጊያ እንጨት ወለሉን እየደበደበ ይመጣል። እስከ ዛሬ «እስቲ ትንሽ ጨምረው» ያለኝ ሰው ትዝ አይለኝም። በዚህች ከተማ ድምፅ የሚጨምር ሰው ማንንም አያስፈቅድም፤ የሚቀንስ ግን ሁልጊዜ ታዝዞ ነው። የሚኒባስ ሾፌሩን ተመልከቱት። ተሳፋሪው በስልክ ይጯጯኻል፣ ረዳቱ «መገናኛ! መገናኛ!» እያለ ጉሮሮውን ያቆስላል፣ ሾፌሩ ደግሞ ዘፈኑን ከሁሉም በላይ ያወጣዋል። ከኋላ ወንበር አንዲት እናት «ልጄ፣ እባክህ ቀንስልን፤ ራሴን አሞኛል» ካሉት እጁን ወደ ማዞሪያው ይሰዳል፣ ይነካዋል፣ እጁን ይመልሳል። ምንም የተለወጠ ነገር የለም። እናትየው ግን «ተባረክ» ይላሉ።

እንግዲህ ዝግ አድርጎ ማዳመጥ ለሚወድ ሰው ያለው መጠጊያ የጆሮ ማዳመጫ ነው። እኔም እዚያው ተጠግቼ ስኖር፣ የአክስቴ ልጅ ከሲልቨር ስፕሪንግ መጣና ከሰው አደራ ዕቃ መሀል አንዲት የብረት ሳጥን መዝዞ ሰጠኝ። መዳፍ ውስጥ ትገባለች። በአንድ በኩል ከስልክ የሚመጣ ገመድ ይሰካባታል፣ በሌላ በኩል የጆሮ ማዳመጫው። ፊቷ ላይ አንድ ማዞሪያና አንዲት ትንሽ መብራት አሉ፤ ሌላ ጌጥ የላትም።

«አምፕ ናት» አለኝ። «የስልክ ድምፅ ጉልበት የለውም። ይቺ ጉልበት ትሰጠዋለች።»

«እኔ እኮ ጉልበት አልቸገረኝም» አልኩት፤ «እኔ የምፈልገው ዝግ ያለ ድምፅ ነው።»

«ጉልበቱ ለመጮህ አይደለም፤ ለመቆጣጠር ነው» አለኝ፣ አሜሪካ የኖረ ሰው በሚናገርበት እርግጠኝነት።

የሚያስቀው፣ ያቺ ሳጥን አልችል ያለችው እሱኑ መሆኑ ነው። ልጆች ከተኙ በኋላ ማዞሪያውን ወደ ቀኝ ገፋ ሳደርገው «ቀጭ» ብላ ተነሣች፤ ትንሿ መብራት ቀላች። ከዚያ ጥቂት ዝምታ። ጥፍር በማታክል ብጨምር ዘፈኑ መጣ፤ በግራ ጆሮዬ ብቻ። ዘፋኙም፣ ክራሩም፣ ከበሮውም ግራ ጆሮዬ ውስጥ ተጨናንቀው ቀኙ ሰው የሌለበት ቤት ሆኗል። ሌላ ትንሽ ስጨምር ቀኙ ከሩቅ ተሰማ። ሌላ ትንሽ፤ ዘፋኙ ከጆሮዬ ወጥቶ ግራ ቅንድቤ ላይ ደረሰ። መሀል ግንባሬ ላይ የቆመው ማዞሪያው ሩብ ዙር ካለፈ በኋላ ነው። ያኔ ግን ድምፁ ለሌሊት የሚሆን አልነበረም። ከጎኔ የተኛችው ባለቤቴ ከማዳመጫው ያመለጠውን ሰምታ ዓይኗን ሳትገልጥ «ቀንሰው» አለች። ቀነስኩት። ዘፋኙም ሻንጣውን ይዞ ወደ ግራ ተመለሰ።

ይህ ነገር ብርቅ አይደለም። ማዞሪያ ያላቸው ትንንሽ ማጉያዎች አብዛኞቹ ይህ አመል አለባቸው፤ ርካሾቹም፣ ውድ የሚባሉት አንዳንዶቹም። ከፍ ሲያደርጓቸው ቀጥ ይላሉ፣ ዝቅ ሲያደርጓቸው ያጋድላሉ። እኔን የገረመኝ፣ ለዓመታት ሙዚቃ ሲያዳምጡ የኖሩ ወዳጆቼ እንዲህ ያለውን አለማወቃቸው ነው። አንዱ «ፋይሉ ነው» አለኝ። ሌላው «ስልክህን ቀይር» አለኝ፤ እሱ ለራስ ምታትም የሚያዘው ይህንኑ ነው። ሦስተኛው በሐዘኔታ አይቶኝ «ዕድሜ ነው» አለ።

ዕድሜ መሆን አለመሆኑን ማወቅ ግን እንደ ወዳጄ ፊት አያስፈራም። ማዳመጫውን ገልብጦ ማድረግ ነው፤ የግራውን በቀኝ፣ የቀኙን በግራ። ሰነፉ ድምፅ አሁንም በዚያው ጆሮ ከሆነ፣ ነገሩ የጆሮ ነው፤ ሐኪም ዘንድ ሄዶ ኩክ ማስወጣት ነው፤ ብዙ ሰው የጆሮ ማዳመጫ ለውጦ ለውጦ መጨረሻ ላይ የሚደርስበት መፍትሔ እሱ ነው። ሰነፉ ድምፅ ከጆሮ ወደ ጆሮ ከዞረ ጆሮ ነፃ ወጣ። ቀጥሎ ማዳመጫውን ከማጉያው ነቅሎ ስልኩ ላይ መሰካት ነው። እዚያ ደህና ከሆነ ማዳመጫውም ነፃ ወጣ። ከዚያ ወደ ማጉያው ተመልሶ ቀስ እያሉ መጨመር፤ ሲጨምሩት እየተስተካከለ የሚሄድ ከሆነ ጥፋተኛው ማዞሪያው ነው፣ ሌላ ምስክር አያስፈልግም። በዚህ ሁሉ ጊዜ መስማት ያለብን ዘፈን ሳይሆን አንድ ሰው ብቻ የሚናገርበት ነገር ነው፤ ዜና ይበቃል። ዜና አንባቢ ሁልጊዜ መሀል ይቀመጣል። ዘፈን ግን ያታልላል፦ እ.ኤ.አ. በ1965 የወጣው የቢትልስ «ራበር ሶል» በስቴሪዮ ሲቀናበር ድምፃውያኑን በአንድ ወገን፣ መሣሪያዎቹን በሌላ ወገን ያስቀመጠባቸው ዘፈኖች አሉት። በእሱ የሚመረምር ሰው ደህናውን ማጉያ ይሰብራል።

አንድ ጥርጣሬ ብቻ ቀርቷል። ስልክ ውስጥ፣ ለመስማት ለሚቸገሩ ሰዎች ተብሎ በተዘጋጀው ማስተካከያ ሥር፣ ግራና ቀኝን የሚያመዛዝን አንድ መስመር አለ። እዚያ ማንም አዋቂ አይደርስም። የአምስት ዓመት ልጅ ግን ይደርሳል። መሀል ላይ መሆኑን ማየት ነው።

ይህን ሁሉ ጨርሼ ሳጥኗን ይዤ ወደ ጠጋኙ ሄድኩ። ሱቁ ቆርቆሮ ኮንቴነር ነው፤ ግማሹ የተከፈተ ስልክ፣ ግማሹ ሆዱ የወጣ ቴፕ። ልጁ ሳጥኗን ሰክቶ አዳመጠ፣ ማዞሪያውን እያወጣ እያወረደ ሁለት ጊዜ ራሱን ነቀነቀ።

«ቮልዩሙ ነው፣ ጋሼ።»

«አቧራ ይዞት ይሆን?»

«አቧራ ቢሆን ይንኮሻኮሽ ነበር። ይሄ አይንኮሻኮሽም። ይሄ ጤነኛ ነው፤ ሲፈጠርም እንዲህ ነው።»

ጤነኛ ሆኖ የሚያጋድል ነገር አልገባኝም። ልጁ ይህን ፊቴ ላይ አነበበ መሰለኝ፣ ከመሳቢያ ውስጥ የተጣለ አንድ ቮልዩም አወጣ፤ የኔዋ ሳጥን ውስጥ ካለው ጋር አንድ ዓይነት፣ ስፋቱ ከአውራ ጣት ጥፍር የማይበልጥ። ከኋላ ለድምፅ ስድስት እግሮች አሉት፤ ሦስቱ ለግራ፣ ሦስቱ ለቀኝ። የቆርቆሮውን ጆሮዎች በፒንሳ አቃንቶ ከፈተው። ውስጡ ሁለት ቡናማ ሰሌዳዎች ተነባብረዋል። በእያንዳንዱ ላይ የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ያለው ጥቁር የካርቦን ቀለም ታትሟል። በካርቦኑ ላይ ፀጉር የሚያካክሉ የብረት ጣቶች ይሄዳሉ። ድምፁ በቅስቱ አንድ ጫፍ ይገባል፤ ሌላው ጫፍ መሬት የሚባለው ዜሮው ነው፤ ጣቶቹ የቆሙበት ቦታ ምን ያህሉ ወደ ጆሮ እንዲያልፍ ይወስናል። ሁለቱንም የሚያዞረው አንድ ዘንግ ነው።

«ይኸው ግራዎት» አለኝ የላይኛውን እያሳየ። «ይኸው ቀኝዎት።»

«ሁለቱ አንድ አይደሉም እንዴ?»

«ከአንድ ፋብሪካ ወጥተዋል። ከዚያ ያለፈ ዝምድና የላቸውም።»

ዘንጉ አንድ ነው፣ እጄም አንድ ነው፤ የታተመው ካርቦን ግን ሁለት ነው። የአንዱ ቀለም በሆነ ቦታ ላይ ትንሽ ወፈር፣ የሌላው ሳሳ ይላል። ጣቶቹም የተገጠሙት ፀጉር በሚያህል ልዩነት ተቀዳድመው ነው። ይህ ስሕተት ማዞሪያው የትም ቢሆን አለ፤ የሚሰማው ግን ታች ላይ ነው። ለምን ቢባል በብር ላስላው። ለአንዱ ልጅ 1 ብር፣ ለሌላው 1 ብር ከ30 ሳንቲም ብትሰጡ ቤቱ ይታመሳል። ለአንዱ 50 ብር፣ ለሌላው 50 ብር ከ30 ብትሰጡ ግን ሳንቲሟን የሚያነሳት የለም። ቮልዩሙም እንዲሁ ነው፦ ከመቶ እጅ 1 እና 1.3 ሲያሳልፍ በግራና በቀኝ መካከል ያለው ልዩነት 2.3 ዴሲቤል ገደማ ይሆናል። 50 እና 50.3 ሲያሳልፍ ያው የ0.3 ስሕተት ከ0.05 ዴሲቤል ያን ያህል አይርቅም። ጤነኛ ጆሮ ደግሞ በሁለቱ ወገን መካከል 1 ዴሲቤል ያህል ከተለየበት ዘፋኙ ከመሀል መነሣቱን ያውቃል። ማወቅ ብቻ አይደለም፤ አንዴ ካወቀ በኋላ ሌላ ነገር ማዳመጥ ይተዋል።

ነገሩን የሚያብሰው የራሳችን ጆሮ አመል ነው። ጆሮ ድምፅን በድምር አይቆጥርም፤ በእጥፍ ነው የሚቆጥረው። አንድ ድምፅ «እጥፍ ሆነ» ብሎ እንዲያምን ኃይሉ ወደ አሥር እጥፍ ማደግ አለበት። ስለዚህ ማዞሪያው ከታች እስከ ላይ ወጥ ሆኖ ቢሠራ፣ ገና በመጀመሪያው ንክኪ ይጮህና ከዚያ በኋላ ብታዞሩት ባታዞሩት ለውጥ የለውም። ይህን ለማስቀረት የድምፅ ቮልዩም ሆን ተብሎ ሰነፍ ተደርጎ ይሠራል፦ ግማሽ ዙር ላይ እንኳን የሚያሳልፈው ከመቶ አሥር ወይም አሥራ አምስት እጅ ያህል ነው። የጃፓን ሠሪዎች ጀርባው ላይ የኤ ፊደል ያትሙበታል፤ ወጥ ለሚሄደው ቢ። ጠጋኙ ልጅ በችኮላ ቢውን የገጠመላቸው ሰዎች አሉ፤ በእነሱ ቤት ድምፅ ወይ የለም ወይ ሙሉ ነው።

ታዲያ ያን ሰነፍ አካሄድ በካርቦን ቀለም በትክክል መሳል ከባድ ነው። ስለዚህ ፋብሪካው ያቀጣጥላል፦ መጀመሪያው ላይ አንድ ዓይነት ቀለም፣ ቀጥሎ ሌላ ዓይነት፣ አንዳንዴ ሦስተኛም። የግራው መገጣጠሚያና የቀኙ መገጣጠሚያ እኩል ቦታ ላይ ላይውሉ ይችላሉ። ዘፋኙ ከጆሮዬ ወደ ቅንድቤ ሲሄድ አንዳንዴ ድንገት የሚዘለው ለዚህ ነው፤ መገጣጠሚያ ተሻግሮ ነው። ሠሪዎቹም አልደበቁም። ለትንንሾቹ ቮልዩሞች በሚያወጡት ወረቀት ላይ የግራና የቀኝ ልዩነት ብዙውን ጊዜ እስከ 3 ዴሲቤል እንደሚደርስ ይጽፋሉ፤ እሱንም ቃል የሚገቡት ከሙሉው ድምፅ 40 ዴሲቤል ዝቅ እስኪል ድረስ ብቻ ነው። ከዚያ በታች ወረቀቱ ዝም ይላል። እኔ ደግሞ የምኖረው ከዚያ በታች ነው።

የተሻለ ቮልዩም የለም ወይ? አለ። የጃፓኑ አልፕስ ኩባንያ አርኬ27 የሚባል ሰማያዊ ቮልዩም አለው፤ የቤት ማጉያ የሚሠሩ ሰዎች ስሙን ሲጠሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ጎኑ 27 ሚሊሜትር ነው። ይህ ማለት የኔዋ ሳጥን ውስጥ እሱ ከገባ ባትሪው ውጭ ያድራል። በኪስ የሚያዙት የሚገጠምላቸው 9 ሚሊሜትር አካባቢ የሆነው ታናሹ ነው።

አሁን የቀረው፣ ለምን እኔ ሁልጊዜ ታች ጥግ ላይ እንደምገኝ ነው። የኔ ማዳመጫ ጆሮ ውስጥ የሚሰካው ዓይነት ነው፤ በጣም ቶሎ የሚሰማ ፍጥረት። ወረቀቱ 16 ኦም፣ በ1 ሚሊዋት 110 ዴሲቤል ይላል። ለሌሊት 75 ዴሲቤል ከበቂ በላይ ነው፤ እዚያ ለመድረስ ማዳመጫው የሚፈልገው 2 ሚሊቮልት ከምናምን ነው። የስቱዲዮ ሰዎች የሚወዱት ባለ 300 ኦሙ ሴንሃይዘር ኤችዲ 600 ግን ለዚያው ድምፅ ወደ 80 ሚሊቮልት ይጠይቃል። ከሠላሳ እጥፍ በላይ! የኔዋ ሳጥን የተሠራችው ለእንዲህ ያለው ባለ ትልቅ ሆድ ነው። ስልኬ የላከላትን አሥር እጥፍ ታበዛዋለች፤ እኔ ደግሞ ካበዛችው ውስጥ ከአምስት መቶ እጅ አንድ ያህሉ እስኪቀር ማዞሪያውን እመልሳለሁ። እሷ ትጨምራለች፣ እኔ እጥላለሁ። ሁለታችንም በሥራ ተወጥረናል።

በኪስ የሚያዙ ማጉያዎችን በሰው እጅ ያስፋፋው ቹ ሞይ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ የነደፈው ቀላል ንድፍ ነው። ብዙ ሰው በአልቶይድስ የምንታ ከረሜላ ቆርቆሮ ውስጥ ሠርቶታል፤ አንድ ባለ 9 ቮልት ባትሪ፣ ጥቂት ዕቃ፣ አንድ ቮልዩም፣ በቃ። ማብዣው 11 እጥፍ ነበር። ያኔ ስሕተት አልነበረም፤ ተንቀሳቃሽ ማጫወቻው ደካማ፣ ማዳመጫው ከባድ ነበርና። ኋላ ማዳመጫው ተለወጠ፣ ስልክም ጠነከረ፣ የማብዛት ልማድ ግን ቀረ፤ ደግሞም «ገና ሩብ ዙር ላይ እኮ ነው እንዲህ የሚጮኸው!» የሚባል ማጉያ ይሸጣል። እ.ኤ.አ. በ2011 ስሙን ሳይገልጽ የሚጽፍ አንድ ሰው ኦ2 የተባለ ማጉያ ንድፍ በነፃ አውጥቶ ይህንኑ በግልጽ ተናገረ፦ ከሚያስፈልገው በላይ የሚያበዛ ማጉያ ቮልዩሙን ወደ ታች ጥግ ይገፋል፣ እዚያ ደግሞ ግራና ቀኝ አይስማሙም። ስለዚህ የእሱ ማጉያ 2.5 እና 6.5 እጥፍ የሚያበዛ ሆኖ በቁልፍ የሚመረጥ ነው። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ2012 ድምፁን አጠፋ፤ ማን እንደነበር በይፋ አልታወቀም። ማጉያው ግን እስከ ዛሬ ይሠራል።

ከሁሉም የምወደው ታሪክ ከዚያም የቀደመ ነው። ሶኒ ሐምሌ 1 ቀን 1979 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ ለገበያ ያወጣው የመጀመሪያው ዎክማን፣ ቲፒኤስ-ኤል2፣ የማዳመጫ ቀዳዳው ሁለት ነበር፤ ሁለት ሰው አንድ ካሴት እንዲያዳምጥ። በመጀመሪያዎቹ ላይ በቀዳዳዎቹ አጠገብ በእንግሊዝኛ «ወንዶች» እና «ልጃገረዶች» ተብሎ ተጽፎ ነበር። የድምፅ መቆጣጠሪያውም ሁለት ነበር። ባልና ሚስት ይህን ሲያዩ «አንዱ የኔ፣ አንዱ የእሷ» ሊሉ ይችላሉ፤ ሰላም የሚገኝበት መንገድ ይመስላል። ግን አልነበረም፤ አንዱ ለግራ ጆሮ፣ አንዱ ለቀኝ ጆሮ ነው። ባል የግራውን ዝቅ ሲያደርግ የሚስቱም ግራ ዝቅ ይላል። ሆኖም ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው ከዚያ የተሻለ አልተሠራም፦ ቀኙ ከዘገየ ቀኙን ትጨምራለህ፣ አበቃ። አርባ ምናምን ዓመት ሄደን አንድ ማዞሪያ ላይ ደረስን፤ አንዱ ማዞሪያ ያማረ ነው፣ ግራና ቀኙን ግን ለፋብሪካው ኅሊና ትቶታል።

እስከዚህ ድረስ ያለው የቅብጠት ጉዳይ ይመስላል። «ዘፋኙ ቅንድብህ ላይ ቢቆም ምን አለበት?» ያለችኝ ባለቤቴ ብቻ አይደለችም። ያለበት ነገር ይህ ነው፦ ያጋደለ ድምፅ የሰማ ሰው ማጉያውን አይጥለውም፤ ይጨምረዋል። ሲጨምረው ይስተካከላል። ሳያውቀው በየቀኑ ከሚፈልገው በላይ ያዳምጣል፤ መሀል ያለ ዘፋኝ ለማግኘት ጆሮውን ጉቦ ይከፍላል ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው አደጋ የለውም የሚለው 80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው። በየ3 ዴሲቤሉ የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል፤ 83 ላይ 20 ሰዓት፣ 86 ላይ 10፣ 90 ላይ ሲደረስ ለሳምንቱ የሚቀረው 4 ሰዓት ነው። ከመገናኛ እስከ ሜክሲኮ ባለው የጠዋት መንገድ መጨናነቅ ይህ እስከ ረቡዕ እንኳን አያደርስም።

ጠጋኙ ልጅ «ሌላ ልግጠምልዎ?» አላለኝም፤ ሊያተርፍብኝ ይችል ነበር። «ሌላውም ያው ነው፤ ሲፈልግ ደግሞ በቀኝ ያጋድላል» አለኝ። የነገረኝ መድኃኒት ነፃ ነው፦ ድምፁን ስልኩ ላይ ዝቅ አድርጎ የማጉያውን ማዞሪያ ግማሽ ዙርና ከዚያ በላይ መውሰድ። ስልኩ የሚቀንሰው በቁጥር ስለሆነ ግራና ቀኙን እኩል ነው የሚቀንሰው፤ ማዞሪያውም ካርቦኑ ከሚስማማበት ቦታ ላይ ይውላል። ድምፅ አጣሪ ወዳጄ ይህን ሲሰማ ደነገጠ። «በቁጥር ሲቀነስ ጥራት ይጠፋል!» አለ። እውነት ነው፤ በየ6 ዴሲቤሉ አንድ ቢት ይሄዳል። ባለ 16 ቢት ድምፅ 96 ዴሲቤል ያህል ስፋት ስላለው 20 ቢቀነስለት 76 ይቀረዋል፤ ብዙዎቹ የዛሬ ስልኮች ደግሞ በ24 ቢት ስለሚሠሩ ያም አይጎድልም። በሰፈሬ ሌሊቱን የሚጮኹት ውሾች ከዚህ ጉድለት ሁሉ ይበልጣሉ። ወዳጄ ግን ማዞሪያውን ታች ጥግ ላይ ይዞ፣ ጥራቱ ሳይነካ፣ በግራ ጆሮው ያዳምጣል።

ማብዣውን ዝቅ የሚያደርግ ቁልፍ ያለው ማጉያ ላለው ሰው ነገሩ ይበልጥ ይቀላል፤ ቁልፉን «ዝቅተኛ» ላይ ማድረግ ነው። ቁልፉን ብዙ ሰው «ከፍተኛ» ላይ ነው የሚያገኘው፤ እዚያው ይተወዋል፤ ለዝቅተኛ ገንዘብ የከፈለ አይመስለውም። በማዳመጫውና በማጉያው መሀል የሚሰካ ድምፅ ቀናሽ ገመድም አለ፤ ግን በአንድ ጆሮ ውስጥ ብዙ ትንንሽ ድምፅ ማጉያ ባላቸው ማዳመጫዎች ላይ ተራ ሬዚስተር ብቻ ሲጨመር የድምፁን ቃና ሊለውጠው ይችላል። ባሱን የሚወድ ሰው ሳይሰማ አይግዛ።

አዳዲሶቹ ማጉያዎች ደግሞ ካርቦኑን ጨርሰው ትተውታል። ማዞሪያው ወይም ቁልፉ ለአንዲት ቺፕ ትእዛዝ ብቻ ይሰጣል፤ ቺፗ ውስጥ የተደረደሩ ሬዚስተሮች በደረጃ ይመረጣሉ። የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ፒጂኤ2311 ለምሳሌ በግማሽ ግማሽ ዴሲቤል ይወጣል ይወርዳል፤ የግራና የቀኙ ልዩነት በመቶኛ ዴሲቤሎች የሚቆጠር ነው። ዘፋኙ መሀል ተቸክሏል፤ ከታች እስከ ላይ ንቅንቅ አይልም። ይህን ሲሰማ ሰው ችግሩ አለቀ ይላል። ርካሾቹ ግን ደረጃውን ያሰፉታል፦ 7 ላይ አይሰማም፣ 8 ላይ ላይኛው ፎቅ ይሰማል። በ7 እና በ8 መካከል የሚኖር ሰው መሄጃ የለውም። የድሮው ካርቦን ለዚህ እንኳን ደግ ነበር፤ ደረጃ የለውም፣ ፈልጎ ፈልጎ የሆነ ቦታ ያገኛል፤ ቢያጋድልም።

ሰሞኑን መርካቶ ውስጥ የስልክ ዕቃ ከሚሸጥ አንድ ልጅ መስታወት ሥር፣ ከቻርጀርና ከስልክ ሽፋን መሀል፣ ያገለገለች አንዲት ማጉያ አየሁ። ጠየቅኩት፣ ዋጋዋን ነገረኝ፤ ከውጭ የመጣች ናት አለ፣ ዋጋዋም መጓዟን ያሳያል። «ልሞክራት» ስለው ገና እሺ ሳይል የራሱን ስልክ ሰክቶ፣ ማዞሪያውን እስከ ጥግ አዙሮ፣ ማዳመጫውን ከጠረጴዛው ማዶ አሻግሮ ያዘልኝ። ጆሮዬ ላይ ሳላደርገው ዘፈኑ ይሰማል።

«እዩልኝ እንግዲህ!» አለኝ በኩራት።

ወስጄ እስከ ታች መለስኳትና ዜና ክፈትልኝ አልኩት። ልጁ ግራ ገባው።

«ዜና? በዚህ ዕቃ?»

«ዜና።»

ከፈተ። ማዞሪያዋን በጥቂቱ ገፋ አደረግኳት። ዜና አንባቢው መጣ፤ ግራ ጆሮዬ ውስጥ ገብቶ ስለ ዋጋ ግሽበት ይናገራል። ቀኙ ጭጭ። ማዳመጫውን አውጥቼ ልጁ ጆሮ ላይ አደረግኩለት።

«ስማው። ግራው ብቻ ነው የሚሠራው። ግማሽ ዋጋ ነው የምከፍልህ።»

ልጁ ራሱን ወደ ቀኝ ዘንበል አድርጎ ጥቂት አዳመጠ። ከዚያ በትዕግሥት፣ ለማይገባው ሰው እንደሚያስረዳ፣ እጁን ወደ ማዞሪያዋ ሰደደ።

«አይ ፋዘር፣ ቀኙም አለ እኮ» አለኝ። «ትንሽ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ጨምሩት!»